ሞምባሳ፣ ሦስት ሰዓት

ሞምባሳን በካርታ ያየ ሁሉ ደሴት መሆኗን ያውቃል። ደሴትነቷ የሚሰማው ግን የሚፈልገው ነገር ከውሃው ማዶ የቀረበት ሰው ነው። በምዕራብ በኩል፣ እኔ በሄድኩበት ጊዜ፣ ባሕሩን ሞልተው በሠሩት የማኩፓ መንገድ ከናይሮቢ መስመር ጋር ትገናኝ ነበር። በሰሜን በኩል የኒያሊ ድልድይ አለ። በደቡብ፣ እኔ በሄድኩበት በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሊኮኒ ጀልባ ነበር፤ ከደሴቷ ጀርባ ዞሮ በዶንጎ ኩንዱ በኩል ወደ ደቡብ የሚያሻግረው መንገድ ያኔ አላለቀም። የእኔ ማረፊያ በደቡብ ሆነ፣ ሻንጣዬ በሰሜን ቀረ። ከተማዋን ያወቅኋት በዚያ ሰበብ ነው።

ከናይሮቢ ኢስሊ ለዕረፍት ወደ ሞምባሳ የሚወርድ አበሻ ብዙ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤት ሰንብቼ ስነሳ የመከረኝ ሁሉ ስለ ነጩ አሸዋ፣ ስለ ግመል ግልቢያው፣ በሞይ ጎዳና ላይ ስለቆሙት ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ቅርጾች ነገረኝ። እኔን የጎተተኝ ግን መቃብር ነበር። በሸዋ ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የኖረው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሚስቱንና ልጁን የቀበረው ሞምባሳ ላይ ነው። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ቦታውን ሳላየው እንዳልቀር ስመኝ ኖሬያለሁ።

በባቡር ነው የወረድኩት። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ከናይሮቢ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ጻቮ ፓርክን ሰንጥቆ ሲመሽ ይደርሳል። በመስኮት ቀይ አፈር የለበሱ ዝሆኖች አየሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሕፃን እያንዳንዱን በጣቷ ታሳየኝ ነበር። ጣቢያው ደሴቱ ላይ አይደለም፤ ሚሪቲኒ የሚባል ሰፈር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባቡሩ እንደቆመ ዝናብ ወረደ። የዝናቡ ወራት ነበርና ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ጣራው ሥር ሮጠ። በዚያ ግርግር መሀል አንድ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ጥቁር ሻንጣ ትቶ የእኔን ይዞ ሄዷል። እኔም ከፊቴ የቀረውን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ፣ ከማታቱው ሊኮኒ ጀልባ። የሊኮኒን ማቋረጫ ያላየ ሰው ሞምባሳን አየሁ ባይል ይሻላል እላለሁ። እግረኛ ያለ ክፍያ ነው የሚያልፈው፤ የሚከፍለው ተሽከርካሪ ነው። ከብረቱ በር ኋላ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የቀን ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው፦ ብስክሌት የያዘ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ በቅርጫት የያዘች፣ ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች። በሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ጀልባው በኪሊንዲኒ ወደብ አፍ ላይ ነው የሚያቋርጠው፤ ኮንቴይነር የቆለለ ግዙፍ መርከብ ወደ ወደቡ ሲገባ ወይም ሲወጣ ደግሞ ቆሞ ያሳልፋል። መርከቡ በጨለማው ውስጥ መብራቱን አብርቶ ሲያልፍ ከሥሩ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየው ነበር፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው ጭምር።

አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት እጃቸውን ከጀልባው አጥር ላይ አላነሱም። በዚያው ውሃ ላይ በምትገኘው በምቶንግዌ መሻገሪያ በ1994 ከአቅሟ በላይ የጫነች ጀልባ ሰምጣ 272 ሰው አልቋል። እኔ በተመለስኩ ማግሥት ዓመት፣ በ2019፣ ሊኮኒ ላይ አንዲት መኪና ከጀልባው ጫፍ ወደ ኋላ ተንሸራታ ገብታ እናትና ልጅ ሞቱ። ያን ዜና ስሰማ ቶሎ የታወሰኝ የእኚያ እናት እጅ ነው። ለጎብኚ መሻገሪያው ትዕይንት ነው፤ ለከተማው ሰው ግን በቀን ሁለት ጊዜ የሚገባበት ነገር ነው። ከተማዋን የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ይህን ባያልፉት ደስ ይለኛል።

ሻንጣውን የከፈትኩት ማረፊያዬ ደርሼ ነው። ከላይ በጥንቃቄ የታጠፈ፣ ካንዙ የሚሉት ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ከሥሩ በእጅ የተጠለፈ ቆብ፣ መነጽር፣ ከዚያም በወረቀት ከረጢት የተጠቀለለ መድኃኒት ወጣ። መድኃኒቱ የደም ግፊት ነው። የእኔ ጋቢ፣ ማስታወሻ ደብተሬና ከአዲስ አበባ የያዝኩት አንድ ኪሎ ቡና የት እንዳሉ ማሰብ ተውኩ። ባለመድኃኒቱ ዛሬ ማታ ምን ይውጠዋል? ከረጢቱ ላይ ከደሴቷ በስተሰሜን ኪሳውኒ የሚገኝ የመድኃኒት ቤት ስልክ ታትሟል። ደወልኩ፤ አይነሳም። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነስቼ ያን ከረጢት አየሁት።

ጎህ ሲቀድ ባለመድኃኒት ቤቱ ስልኩን አነሳ። ባለሻንጣውን ሽማግሌ በደንብ ያውቃቸዋል፤ መድኃኒቱ እንደጠፋ ነግረውት በሌሊት ከቤቱ ተነስቶ የሚበቃቸውን ፍሬ ሰጥቷቸዋል። እፎይ አልኩ። የልጅ ልጃቸውን ስልክ ሰጠኝና ከልጁ ጋር በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እያቀላቀልን ተነጋገርን። «ፎርት ጂሰስ በር ላይ፣ ሳአ ታቱ» ተባባልን። ሳአ ታቱ ሦስት ሰዓት ነው። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሰው አገር ሰዓቴን ሳልቀንስ ሳልጨምር በመናገሬ ደስ ብሎኝ በጠዋቱ ጀልባ ተሻገርኩ፤ ከሦስት ሰዓት በፊት የፎርት ጂሰስ ምሽግ በር ላይ ቆምኩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ልጁ የለም፤ ስልኩም ዝግ ነው። በኋላ እንደነገረኝ፣ እኔ የውጭ ሰው መሆኔን አስቦ «ሦስት» ያልኩትን የፈረንጅ ሦስት ሰዓት አድርጎ ወስዶታል፤ ማለትም በእነሱም በእኛም አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ። ለእንግዳ ብሎ የራሱን ሰዓት ትቶ የእንግዳውን ያዘ። እኔ ደግሞ እንግዳ አለመሆኔን ልነግረው የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። እናም የሽማግሌውን ሻንጣ እየጎተትኩ ቲኬት ቆርጬ ፎርት ጂሰስ ገባሁ።

ምሽጉ ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ወደ ጽጌረዳ ቀለም የሚያደላ ቢጫ ይሆናል። ፖርቱጋሎች በ1593 አስጀመሩት፤ ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ እጅና እግሩን ዘርግቶ የተኛ ሰው ይመስላል። በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ በሩ ላይ ያለ አስጎብኚ ይነግርሃል። እኔ ረጅም ጊዜ የቆምኩት አንድ ግድግዳ ፊት ነው። ያኔ እዚያ የተቀመጡ ፖርቱጋላውያን መርከበኞች በከሰልና በቀይ አፈር መርከብ፣ ዓሣና ሰው ሥለውበታል። ሠዓሊ አልነበሩም። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ የመርከቡ ሸራ ግን በገመዱ፣ በቋጠሮው፣ በምሰሶው አንድም ነገር ሳይጎድል ተሥሏል፤ የሚያውቁት እሱን ነውና። ከተተከሉበት ምሽግ ሆነው የሚመለሱበትን መርከብ ሣሉ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከማርች 1696 እስከ ዲሴምበር 1698 ኦማኖች ምሽጉን ከብበው ሲይዙ ውስጥ የነበረው ሰው፣ ፖርቱጋላዊውም ከእነሱ ጋር የገባው የአገሩ ሰውም፣ ከጥይት ይልቅ በረሀብና በበሽታ ረገፈ። በ1697 ለመርዳት የመጣችው ሳንቶ አንቶንዮ ደ ታና የተባለች መርከብ ምሽጉ ፊት ለፊት ሰመጠች፤ ጠላቂዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባሕሩ ሥር ያወጡት ዕቃዋ አሁን እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ቦታውን ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት አድርገውት ኖረዋል።

እዚያ ዝናቡን ተጠልዬ ቆሜ ያሰብኩትን ልናገር። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዳርቻ ከታሪካችን ውጪ አድርገን ነው የምናየው፤ የእኛ ባሕር ቀይ ባሕር ነው ብለን። ግን ቫስኮ ዳ ጋማ በኤፕሪል 1498 ሞምባሳ ደርሶ፣ መተማመን አጥቶ ወደ ማሊንዲ ካለፈ ከአርባ ጥቂት ዓመታት በኋላ የገዛ ልጁ ክርስቶፎ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ በምጽዋ ገብቶ ከኢማም አሕመድ ጋር ሲዋጋ በ1542 በእኛ ምድር ሞቷል። በ1624 ደግሞ ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ የቀይ ባሕሩ በር ጠቦበት ከሞምባሳ በስተሰሜን ካለችው ከፓቴ ደሴት ተነስቶ፣ በኦሮሞዎች አገር አልፎ በደቡብ በኩል ወደ አፄ ሱስንዮስ ለመድረስ ሞክሯል። አልሆነለትም። ከሁለት መቶ ሃያ ዓመት በኋላ ክራፕፍ ያንኑ አሳብ ይዞ መጣ። ይህ ዳርቻ ለኢትዮጵያ የጓሮ በር ነበር፤ ደጋግመው ያንኳኩት፣ ያልተከፈተ በር። ምሽጉ ውስጥ ስለ ጎዋ፣ ስለ ሊዝበንና ስለ ማስካት ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ በር ግን አንዲት መስመር ብትጨመር ከናይሮቢ በየሳምንቱ የሚወርደው አበሻ ከመታጠቢያ ልብሱ ጋር ሌላ ነገርም ይዞ ይመለስ ነበር። አስጎብኚዎቻችንም በዚህ አልተጉም። ይህ ሲከነክነኝ ይኖራል።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ አሮጌው ከተማ ወጣሁ። ከምሽጉ ጎን ንዲያ ኩው የሚባለው ጎዳና ይጀምራል፤ ጠባብ ነው፣ ቤቶቹ ፎቅ ናቸው፣ ሰገነቶቻቸው ከእንጨት። በሮቹ ላይ የተቀረጸውን አበባና ሰንሰለት በጣት ተከትሎ ማየት ይቻላል፤ አንዱ በር ላይ የእንጨቱ አበባ ጫፍ በዘመናት የሰው እጅ ተሽቶ ለስልሷል፤ ወጪው ገቢው የሚገፋው እሱን ነው። ከ1570 ጀምሮ እንደቆመ የሚነገርለት የማንድሪ መስጊድ እዚያው ነው፤ ሚናራው ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ነጭ፣ ቁጥብ። ዝናቡ እንደገና ሲያጠቃኝ ከአንድ ሰገነት ሥር ገባሁ፤ ጥቁር ቡኢቡኢ የለበሱ ሁለት ሴቶችና አንድ ቡና ሻጭ ቀድመውኝ ነበር። ሻንጣውን ሳላስቀምጥ ስቆም አንዷ ሴት የራሷን ዘንቢል ገፋ አድርጋ ደረቅ ቦታ ለቀቀችለት።

ቡና ሻጩ የናስ ጀበናውን ከነከሰሉ በእጁ አንጠልጥሎ ነው የሚዞረው፤ ከሰሉ ከጀበናው ሥር እንደነደደ ይሄዳል። በሌላው እጁ ጆሮ የሌላቸውን ትንንሽ ሲኒዎች እርስ በርስ ያቃጭላል፤ መምጣቱ የሚታወቀው በዚያ ድምፅ ነው። ቀዳልኝ። ጥቁር፣ ስኳር የሌለው፣ ዝንጅብል የበዛበት። ከጎኑ ካሻታ የሚሉትን የኮኮናትና የለውዝ ጣፋጭ በወረቀት ሰጠኝ፤ ምሬቱን በሱ እየቆረጡ ነው የሚጠጡት። ከየት ነህ አለኝ፤ ነገርኩት። «ሐበሻ!» ብሎ ለሴቶቹ ነገራቸውና ሁለተኛውን ሲኒ እንድፈርድለት ቀዳልኝ። የቡና አገር ሰው ይፍረድ ማለቱ ነው። ዝንጅብሉ እኛም ቤት ይገባል፣ የእናቴ እናት በዝናብ ጊዜ ያስገቡ ነበር አልኩት፤ እውነትም ነው። የሁለቱን ሲኒ ዋጋ ብዘረጋለት የአንዱን ብቻ ወሰደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በፈረንጁ ሦስት፣ ልጁ ምሽጉ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ሻንጣዬን አልያዘም። አያቱ ልከውታል፦ ሻንጣ በመንገድ ላይ አይለዋወጡትም፣ ሰውየው ቤት ይምጣ ብለዋል። ነገሩ ገባኝ፤ የእኔ አያትም እንዲሁ ነበር የሚሉት።

በቱክቱክ፣ ማለትም በባጃጅ፣ ኒያሊ ድልድይን አለፍን። ከድልድዩ ወዲያ ኬንጌሌኒ ላይ ልጁ የደወሉን ማማ አሳየኝ። ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከባሪያ ነጋዴ መርከብ የተለቀቁ አፍሪካውያን የሰፈሩበት የፍሬር ታውን ደወል ነው። ያን ጊዜ ባሪያ ፈንጋዮች ሲመጡ ሰፋሪው እንዲሸሽ ይደወል እንደነበር ይነገራል። አሁን ዙሪያውን ማታቱ፣ ሙዝ ሻጭና የስልክ ካርድ አዟሪ ከብቦታል። ባጃጃችን በትራፊክ ቆማ ስለነበር በደንብ አየሁት። በዚያ ባሕር የተሸጠውና የተለወጠው ሰው ከየአገሩ ነው፤ ከእኛም አገር ሰው በባርነት ወደ ባሕር ሲወርድ ኖሯል። ነጻ ለወጣ ሰው የተሰቀለ ደወል ሳይ መውረድና መንካት አማረኝ፤ ትራፊኩ ተለቀቀና አለፍን።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ልጁ አስቀድሞ ያስጠናኝን ሰላምታ «ሺካሞ» ብዬ አቀረብኩ። «ማራሃባ» ብለው ሁለት እጄን ያዙ። ኪሊንዲኒ ወደብ ላይ በክሬን ሠራተኝነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሻንጣዬ ሳሎኑ መሀል ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከዚፑ በላይ እንዳልከፈቱት አጥብቀው ነገሩኝ፤ የቡናው ሽታ ግን ሌሊቱን ቤቱን እንደሞላው ማማ የምላቸው ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው ጨመሩ። ቡናው ሊኮኒ ላስተናገደችኝ ሴት ያሰብኩት ነበር። እዚያው ፈታሁት። ማማ ቆሉት፤ ልክ እንደኛ ጭሱን እፍ እያሉ ወደ እንግዳው አመጡት። የሚጨሰውን ቡና በእጄ ወደ አፍንጫዬ ስስብ ሽማግሌው አይተው «አዎ፣ እንዲህ ነው» አሉ። ምባዚ የሚሉትን በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ጥራጥሬ በማሃምሪ በላን፤ ማሃምሪ በሄል የተለወሰ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ፓስቲ ነው፤ ከላይ ቀዝቃዛ የሮቃ ጭማቂ ጠጣን።

ለምን መጣህ ሲሉኝ ስለ ክራፕፍ ነገርኳቸው። ከመቀመጫቸው ተነሱ። መቃብሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። በዚያ በኩል ዓሣ ሲያጠምዱ አድገዋል። «የእስልምና ሰው ሆነህ የሚስዮን መቃብር ምን አገባህ እንዳትለኝ» አሉ፤ «የዛንዚባሩ ሱልጣን ሰይድ ሰኢድ ደብዳቤ ጽፈውለት ነው የመጣው፤ እንግዳችን ነበር»። የደብዳቤው ነገር እውነት ነው። እንግዳን የመቀበል ግዴታው ከሞቱ በኋላም እንዳልተቋረጠ አድርገው ነበር የሚናገሩት፤ በዚህ ንግግር ልቤ ተነካ።

ወደ መቃብሩ ስንሄድ በመንገድ ላይ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ልጁ እያስተረጎመ። ክራፕፍ በ1839 በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ አንኮበር ከንጉሡ ጋር ሆኖ ኦሮምኛ አጠና። በ1842 ከባዝል የታጨችለትን ሮዚነ ዲትሪክን ለማግባት ወደ ግብፅ ወረደ። ተጋብተው ሲመለሱ ወደ ሸዋ መግቢያ ተከለከሉ። በ1843 በምጽዋ በኩል ባለው በረሃ ሮዚነ ያለጊዜዋ ወለደች። ሴት ልጅ ናት። በአማርኛ «እንባ» ብለው አጠመቋት፤ ወዲያው ሞተች፤ ከመንገዱ ዳር ከዛፍ ሥር ቀበሯት። ልጁ ይህን ሲያስተረጉም ስሟ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፤ ለአያቱ «ቾዚ» አላቸው። ሽማግሌው ቆም አሉ። ከዚያ ባልና ሚስቱ በኤደንና በዛንዚባር ዞረው በ1844 ሞምባሳ ገቡ፤ ዓላማው ከዚህ ተነስቶ በደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞዎቹ አገር መድረስ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ሮዚነ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወልዳ በወባ ትኩሳት ሞተች፤ ሕፃኗም ተከተለቻት። ክራፕፍ ራሱ በትኩሳት ተይዞ መነሳት አቅቶት ነበር።

የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው፤ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር የመጨረሻውን በእግር ሄድን። ቦታው ከውሃው ብዙ አይርቅም፤ ከማዶ ቀኑን ያሳለፍኩበት አሮጌው ከተማ ይታያል። ብዙ የሚታይ ነገር አለ ብዬ አላጋንንም፤ ድንጋይ ነው፣ ዛፍ ነው፣ የረጠበ ሣር ነው። ክራፕፍ ከዚህ ሆኖ ለላኩት ሰዎች ሲጽፍ ይህ መቃብር በዚህ የዓለም ክፍል የወንጌል ትግሉ መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው ብሏል። የጻፈው ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነውና አልፈርድበትም። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ሮዚነን ነው። የመጻሕፍቱ ጀግና ባሏ ነው፤ በ1849 የኬንያን ተራራ አየ፣ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ በኋላም የአቡ ሩሚን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም አረመ፤ ይህ ሁሉ ይገባዋል። እሷ በሁለት ዓመት ትዳር ሁለት ልጅ ወለደች፤ አንዷ በእኛ ደጃፍ ተቀበረች፣ አንዷ ከእሷ ጋር እዚህ። የእንባ መቃብር ያለበትን ዛፍ የሚያውቅ የለም። የእናቷ ግን ይታወቃል፤ ባሕር ሊታጠብ ከሚወርደው አበሻ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። አንድ ሰው አበባ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። እኔ አበባ አልያዝኩም፤ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው በራሳቸው ጸሎት ጸለዩ፣ እኔም በራሴ።

ወደ ሊኮኒ የተመለስኩት በሌሊት ጀልባ ነው፤ በማግሥቱ የናይሮቢ ባቡር ቲኬት አልቆ በአውቶቡስ ተመለስኩ፤ ራባይ ሄጄ ክራፕፍ በ1846 የመሠረተውን የሚስዮን ጣቢያ ሳላይ ቀረሁ። ስንለያይ ሽማግሌው አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር፤ አንኮበር ምን ትመስላለች?

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሄድኩላቸው። ከተራራው ጫፍ ሆኜ ደወልኩ። ገደሉን፣ ከሥር እስከ አፋር ቆላ የሚዘረጋውን ሜዳ፣ ክራፕፍ ከዚያ ሙቀት ወጥቶ ይህን ብርድ እንዳገኘ ነገርኳቸው። እንግዲህ ብርድ ከሆነ ጋቢህን ለብሰሃል ወይ አሉኝ። ለብሻለሁ አልኳቸው። ስለ ክራፕፍ የተጻፈ ነገር እዚያ እንዳለ ጠየቁኝ፤ እኔ ባየሁት እንዳላገኘሁ ነገርኳቸው። «እኛ ጋ መቃብሩ አለ፣ እናንተ ጋ ቤቱ የነበረበት ቦታ አለ፤ ሁለቱን ያየ ሰው ግን አንተን ነው የማውቀው» አሉ፤ ከዚያ ስልኩን ማማ ተቀበሉና ቡናው ማለቁን ነገሩኝ። በኢስሊ በኩል፣ ወደ ሞምባሳ በሚወርድ ሰው እጅ፣ ሁለት ኪሎ ላክሁላቸው፤ ለሰውየውም የደወሉንና የመቃብሩን አድራሻ ጽፌ ሰጠሁት።